ሽንብራ የምታህል ቀዳዳ

ጆሮ ያለው ጠጋ ይበል፤ የሌለው ከጎረቤቱ ይዋስ። ከሰባት ወንዝ ማዶ፣ ስሟን ብታውቁትም ባታውቁትም ለውጥ የሌለው አንዲት አገር ነበረች። የዚያች አገር ሰዎች እንደ ማንም ያርሳሉ፣ ይፈጫሉ፣ ይሸምናሉ፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ። ከሌላው ሕዝብ የሚለያቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፈንጣ ይወዳሉ።

ፈንጣ ሲባል ሣር ላይ የምትዘለዋ አይደለችም። አንድ ሰው ብቻ ጋደም ብሎ የሚነዳት፣ ጣሪያ የሌላት፣ ጎማዎቿ እንደ ፈንጣ እግር ወደ ውጭ የወጡ፣ ሞተሯን ከኋላ ያዘለች ትንሽዬ መኪና ናት። በእሷ የሚተዳደር ሰው የለም። ሸማኔው ከሽመናው፣ ሠራተኛው ከሥራው ሲመለስ እጁን ዘይት ውስጥ የሚነክረው እንዲሁ ስለሚወዳት ነው። በዓመት አንድ ቀን፣ የመኸር ሰሞን፣ ሁሉም ፈንጣውን እየገፋ ይወጣና ከመንደሩ በላይ ባለው ጉብታ ዙሪያ ይሽቀዳደማል።

ይህን እሽቅድምድም የጀመሩት ጥንታውያን ብልሆች ነበሩ። ሀብታሙ ትልቅ ሞተር ሠርቶ ድሃውን አቧራ እንዳያስቅመው ምን ይሻላል ብለው ተማከሩ። ሞተር እንደ ሰው ነው፤ አየር ካልሳበ ጉልበት የለውም። እናም ሞተሩ የፈለገውን ያህል ይተልቅ፣ ትንፋሹን የሚስበው ግን በአንዲት የብረት ቀለበት በኩል ብቻ ይሁን፣ የቀለበቷም ቀዳዳ ሽንብራ የምታህል ትሁን አሉ። እንግዲህ ከዚያ ወዲያ የሚቀድመው እጁ የተባ፣ ሐሳቡ የሰላ ሰው ነው። ይህን ሕግ ቀመር ብለው ጠሩት። ሸጋ ሕግ ነበር፤ እውነቱ መነገር አለበት። የማን ሽንብራ የሚል ጭቅጭቅ እንዳይነሳ ደግሞ እዚያው አጠገባቸው ካለው ማሳ አንዲት ፍሬ ቀጥፈው፣ ፈልፍለው፣ በብር ሙዳይ ውስጥ አኖሯት።

ጥንታውያኑ ሞቱ፤ ሽንብራዋ ቀረች። ጠባቂ ያስፈልጋታል ተባለና ዘጠኝ ሹማምንት ተሾሙላት። ንጹሐን ይባላሉ። ንጹሕ ሆኖ ለመሾም የሚጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እጁ ዘይት ነክቶ የማያውቅ መሆን አለበት። ሞተር ከፍቶ ያየ ሰው ያዳላል ተብሎ ነዋ። በየዓመቱ መዳፋቸው በነጭ ጨርቅ ይታሻል። አንዱ ንጹሕ የቤቱ በር ሲጥ ሲጥ ቢልበት ማጠፊያውን ቅባት ቀባ ተብሎ ከአሥራ አንድ ዓመት ሹመቱ ወረደ፤ በሩም ከዚያ ወዲህ ሲጥ አላለም፣ እሱም ከዚያ ወዲህ አልተሾመም።

ሌላም ሥርዓት አላቸው። ሞተሩ ላይ አንዲት ብሎን መለወጥ የፈለገ ሰው ንጹሐኑ ፊት ቀርቦ ማሻሻያ ይጠይቃል። ማሻሻያው የሚፈቀደው ታዲያ አዲስ አለመሆኑ ከተመሰከረ ብቻ ነው። አዲስ ከሆነ አይሆንም። አሮጌ ከሆነ ደግሞ ምኑ ተሻሻለ ብሎ የጠየቀ ሰው እስካሁን አልተገኘም።

የመለኪያው ሥርዓት እንዲህ ነው። በውድድሩ ጠዋት የንጹሐኑ አለቃ፣ ሊቀ ሽንብራ ወንዳፍራሽ፣ ሽንብራዋን በሁለት ጣቱ አንስቶ በየቀለበቱ ቀዳዳ ላይ ያስቀምጣታል። ከተቀመጠች ቀለበቱ አለፈ። ወደ ውስጥ ከወደቀች ቀዳዳው ሰፍቷልና ሞተሩ እዚያው ፍም ውስጥ ገብቶ ይቀልጣል። ደግሞም ሦስት ዓመት በተከታታይ ፀሐይ ሳትጠልቅ አንድ ዙር መጨረስ ያቃተው ሞተር ይቀልጣል፤ ብረቱም ለንጹሐን ወንበር እግር ይሆናል። የዘጠኙም ወንበር እግሮች ብረት ነበሩ። አንዳንዱ ወንበር አምስት እግር ነበረው።

እማዋይሽ የምትባል ሴት የነበረችው በዚህ አገር ነው። የወፍጮ ሞተር ጠጋኝ ናት፤ ትከሻዋ ሰፊ፣ ሳቋ ከሦስት ቤት የሚሰማ፣ ነገር ካልገባት እንቅልፍ የማይወስዳት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከስብርባሪ እየለቀመች የሠራችው አንድ ሞተር አላት። ግንባሩ ላይ ነጭ ቀለም ፈስሶበት ስለቀረ ቦራ አለችው። የሚነዳው ባሏ ቢረሳው ነው፤ ቀጭን በመሆኑ ለፈንጣ የተፈጠረ ይመስላል። ቦራ ግን ሁለት ዓመት ተከታትሎ ዙሩን ሳይጨርስ ፀሐይ ጠለቀችበት። ዘንድሮም ካልጨረሰ የወንበር እግር ሊሆን ነው።

ስንፍና እንዳይመስላችሁ። የሌሎቹም ስድስት ሞተሮች ነገር ከዚያ አይሻልም። በጥንት ጊዜ ሰባት ዙር ከቁርስ እስከ ምሳ ያልቅ ነበር ይባላል። አሁን አንዱን ዙር ለመጨረስ ቀኑ አይበቃም። ተመልካቹ ውድድሩን ያስጀምርና አጨዳ ይሄዳል፤ ሲመለስ ፈንጣዎቹ ጉብታው ጥግ ላይ እያሳሉ ያገኛቸዋል። ሽማግሌዎች በምርኩዝ ሲያልፏቸው "በርቱ" ይሏቸዋል። ንጹሐኑ ሲጠየቁ "የዘንድሮ አየር ወፍራም ነው" ይላሉ። አምናም ወፍራም ነበር።

ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ጎሽሜ የሚባል ሸማኔ፣ ጥሩ ሞተር ሠሪ ነው፣ ንጹሐኑ ፊት ቆሞ "ቀዳዳው እየጠበበ ነው" ብሎ ነበር። ቀዳዳው ጠበበ ማለት ሽንብራዋ አነሰች ማለት ነው፤ ሽንብራዋ አነሰች ማለት ሕግ አነሰ ማለት ነው። የሞተሩን አፍ በጭቃ ደፈኑበት። ጭቃውን በመርፌ እየፈለፈለ ለማውጣት አንድ ዓመት ፈጀበት። ከዚያ ወዲህ ስለ ቀዳዳ የሚያነሳ ጠፋ።

እማዋይሽም አላነሳችም። ዓይኗ ግን አላረፈም። አምና ሊቀ ሽንብራ ሲለካ አንገቷን አስግጋ ሽንብራዋን አየቻት፤ ጠቁራ፣ ተሸብሽባ፣ በአንድ ጎኗ ነቀዝ በልቷት።

"ጌታዬ፣ ለመሆኑ ስንት ዓመቷ ነው?" አለችው።

"ስንት ዓመታቸው ነው ይባላል" አለ ሊቀ ሽንብራ። "የሕግ ዕድሜ ደግሞ አይጠየቅም።"

በውድድሩ ማግስት እማዋይሽ ከማሳ አንድ እፍኝ እሸት ሽንብራ ቀጥፋ መጣች። አንዷን ፈልፍላ ቆርቆሮ ላይ አስቀመጠቻትና ልክ እሷን የምታህል ቀዳዳ በሳች። ከዚያ ሌሎቹን በየዓይነቱ አኖረቻቸው። አንዷን ፀሐይ ላይ አሰጣቻት። አንዷን በየቀኑ በሁለት ጣቷ እያሸች አስቀመጠቻት። አንዷን ነቀዝ ካለበት እህል ጋር ዘጋችባት። በየሳምንቱ እያወጣች ቆርቆሮው ላይ ታስቀምጣቸዋለች።

"የሰው ሚስት ሽንብራ ትቆላለች" አለ ቢረሳው፤ "የኔዋ ታስታምማለች።"

"ዝም በል አንተ ሰውዬ። ና እይ።"

የደረቀችው ሽንብራ በቀዳዳው ሾልካ ወደቀች። የታሸችው ሾልካ ወደቀች። ነቀዝ የበላት ጠርዙን እንኳ ሳትነካ ወደቀች።

ቢረሳው ራሱን አከከ። "እንግዲህ እነዚያ ጥንታውያን..."

"እሸቷን ነው የቀጠፏት። መኸር ነበራ። አጠገባቸው ያለውን ቀጠፉ፤ ትደርቃለች ብሎ ያሰበ የለም። እኛ በየዓመቱ ቀዳዳውን የምናጠብበው እሷ ስትደርቅ፣ ስትታሽ፣ ስትበላ እየተከተልን ነው።"

"ታዲያ ይህን ብትናገሪ ቦራን ጭቃ ነው የሚያጎርሱት።"

"እኔ መቼ እናገራለሁ አልኩ" አለችና ደረቋን ሽንብራ አንስታ ውሃ ያለበት ጣሳ ውስጥ ጣለቻት። በማግስቱ አወጣቻት። ወፍራለች። ቆርቆሮው ላይ አስቀመጠቻት፤ ቁጭ አለች። እማዋይሽ ያን ዕለት የሳቀችው ሳቅ ከሦስት ቤት አልፎ እስከ ወንዙ ተሰማ።

የማሻሻያ ቀን ሲደርስ ንጹሐኑ ፊት ቀረበች። ዘጠኙም ነጭ ለብሰው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ተቀምጠዋል።

"ምን ትጠይቂያለሽ አንቺ ሴትዮ?" አለ ሊቀ ሽንብራ።

"ለሞተሬ ምንም አልጠይቅም ጌታዬ። የምጠይቀው ለእርሳቸው ነው።" በዓይኗ ወደ ሙዳዩ አመለከተች። "ይህን ሁሉ ዘመን ሲያገለግሉን አንድ ቀን እንኳ ገላቸውን ታጥበው ያውቃሉ?"

ንጹሐኑ ተያዩ። እጃቸውን በቀን ዘጠኝ ጊዜ የሚታጠቡ ሰዎች ናቸው፤ ነገሩ ልባቸውን ነካው።

"አዲስ ነው" አለ ከመካከላቸው ወፍራሙ። "አዲስ ነገር ደግሞ አይፈቀድም።"

"አዲስ አይደለም እንጂ ጌታዬ። ማሳ ሳሉ ዝናብ ይወርድባቸው አልነበረም? ውሃ የጥንት ልማዳቸው ነው። ያስተውናቸው እኛ ነን።"

"ምስክር አለሽ?"

"ዝናብ ሳይጠጣ የበቀለ ሽንብራ ያየ ሰው ካለ እሱ ይመስክርብኝ።"

እስከ ምሳ ተከራከሩ። ውሃው የምንጭ ይሁን የጉድጓድ፣ ሳህኑ ብር ይሁን ሸክላ፣ ሲነከሩ ፊታቸው ወደ የት ይሁን። የሽንብራ ፊቱ የት እንደሆነ ለመወሰን ብቻ ሦስት ንጹሐን ተመደቡ። በመጨረሻ ሊቀ ሽንብራ ተነስቶ፣ "ተፈቅዷል። ከውድድሩ በፊት ይነከራሉ" አለ። "አንድ ቀን ግን ለክብራቸው ያንሳል። ሦስት ቀን።"

እማዋይሽ አንድ እርምጃ ቀረበች። "ጌታዬ፣ አንድ ቀን ይበቃቸው ነበር..."

"ለሕግ ሲሆን ትሰስቻለሽ?" አለ ወፍራሙ ንጹሕ።

እጅ ነስታ ወጣች፤ ሦስት ቀን የተነከረ ሽንብራ ቅርፊቱ እንደሚላላ ግን ታውቃለች።

አሁን ተመልከቱ። ሽንብራዋ ስትወፍር ቀለበቱን አስቀድሞ ያሰፋ ሰው ብቻ ነው የሚጠቀመው፤ ይህን ደግሞ ከእሷና ከባሏ በቀር የሚያውቅ የለም። ዝም ብትል ቦራ ብቻውን እየበረረ ሌሎቹ ጉብታው ጥግ ላይ ያስላሉ። ቢረሳውም ይህንኑ ሹክ አላት።

"ቀመሩ የተሠራው እኮ ሁላችንም እኩል እንድንተነፍስ ነው" አለችው። "እኔ ብቻ ከተነፈስኩማ ምኑን ቀደምኩ።"

ስድስቱን ሞተር ሠሪዎች ጎሽሜ ሸማ የሚሠራበት ዳስ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ነገሩን ከነቆርቆሮው አሳየቻቸው። አንዱ ላብ አጠመቀው።

"ሽንብራዋ ባትወፍርስ?" አለ። "ቀለበቴን ሞርጄ ባትወፍር እዚያው ነው የሚያቀልጡብኝ።"

"የሁላችንንም ነው የሚያቀልጡት" አለች እማዋይሽ። "ልዋሽህ አልፈልግም።"

ጎሽሜ ቆርቆሮውን አገላብጦ አየው። "እስኪ እንግዲህ ከሞረድን አይቀር ትንሽ ጨመር እናድርግበት። ሦስት ቀን የምትነከር ከሆነ ከዚህም በላይ ትወፍራለች።"

"የለም። ልክ እንደ እሸቷ። ከዚያ የሚያልፍ ሰው ከንጹሐን በምን ይለያል?"

"እሺ እሺ" አለ ጎሽሜ። ሁሉም ልኩን በክር እየወሰዱ ሄዱ።

የውድድሩ ቀን ጠዋት ሕዝቡ ማጭዱን ይዞ ወጣ፤ አስጀምሮ ሊሄድ ነዋ። አቅላጮቹም ፍማቸውን አቀጣጥለው ወናፋቸውን ይነፋሉ። ሊቀ ሽንብራ ሳህኑን በሁለት እጁ ተሸክሞ መጣና ክዳኑን ሲከፍት ዘጠኙም አንገታቸውን ሰገግ አደረጉ። ሽንብራዋ ውሃዋን ጠጥታ፣ ሽብሽቧ ተዘርግቶ፣ ድንቡሽ ብላ ተቀምጣለች።

"ተመቻቸው" አለ ወፍራሙ ንጹሕ ዓይኑ እንባ አቅርሮ።

መለካት ተጀመረ። የመጀመሪያው ቀለበት ላይ ቁጭ አለች፤ አለፈ። ሁለተኛው፤ አለፈ። ጎሽሜ ሦስተኛ ነበር፤ እዚያም ቁጭ አለች፣ አለፈ። አራተኛ፣ አምስተኛ። ስድስተኛውም አለፈ፤ የሽንብራዋ ቅርፊት ግን መላላቱን እማዋይሽ ከሩቅ አየች። የቦራ ተራ ሰባተኛ ነው።

ሊቀ ሽንብራ በሁለት ጣቱ አነሳት። የቦራ ቀለበት ላይ አስቀመጣት። ቁጭ አለች። እጁን ከማንሳቱ በፊት ግን፣ ለክብር ብሎ፣ እንደ ልማዱ በአውራ ጣቱ ጫን አደረጋት። ሽንብራዋ ሁለት ክክ ሆነች፤ አንዷ ከዚህ፣ አንዷ ከዚያ፣ በቀዳዳው ሾልከው ወደ ውስጥ ገቡ።

አቅላጮቹ ወናፋቸውን ትተው አንገታቸውን አሰገጉ።

"ወደቁ" አለ ሊቀ ሽንብራ በቀጭን ድምፅ።

"የወደቁት አንዴ ነው ወይስ ሁለቴ?" አለ አንድ ንጹሕ።

"ጌታዬ፣ ሽንብራዋ አልወደቀችም፤ ተቀምጣ ነበር" አለች እማዋይሽ። "የወደቀው ክክ ነው። ቀመሩ ስለ ክክ ምን ይላል?"

"ስለ ክክ የሚለው የለም። ስለ መውደቅ ግን ይላል። ወድቀዋል። ይቅለጥ።"

ሁለት አቅላጮች መጥተው ቦራን በብረት ዘንግ ያዙት። ቢረሳው ከፈንጣው ውስጥ አልወጣም። "እኔንም ጨምራችሁ አቅልጡኝ፤ ለወንበር እግር ቀጭን አይደለሁም?" አላቸው። የሳቀ አልነበረም። እማዋይሽ አሥራ አንድ ዓመት የለቀመችውን ብረት እጇን ዘርግታ ነካችው።

ያኔ ነው ጎሽሜ ከሰው መሐል የወጣው። ቀስ ብሎ ነበር የሚራመደው።

"ጌቶቼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ" አለ። "የኔን ቀለበት እርሳቸው ሙሉ ሳሉ መስክረውለታል?"

"መስክረውለታል።"

"የመሰከሩለት ይሻራል?"

"በፍጹም አይሻርም።"

"እንግዲያው አሁን እርሳቸው የሉም። የሳቸው ቃል ያለው የኔ ቀለበት ላይ ነው። የእሷን በኔ ለኩት።"

ንጹሐኑ ተንሾካሾኩ። ሽንብራዋ የሞተችው በሊቀ ሽንብራ አውራ ጣት ነው፤ ይህን ወሬ በቶሎ ወደ ሌላ ነገር የሚያዞር መንገድ ተገኘላቸው። "ይለካ" አለ ሊቀ ሽንብራ።

ጎሽሜ ቀለበቱን ፈታ። የቦራም ተፈታ። ሊቀ ሽንብራ ሁለቱን ደርቦ ወደ ፀሐይ ከፍ አደረጋቸው። ብርሃኑ በቀዳዳው መጣ። በአንድ በኩል ግን የቦራ ቀለበት ጠርዝ ከጎሽሜ ቀዳዳ ውስጥ ብቅ ብሎ ታየ፤ ፀጉር የምታህል።

የጎሽሜ ቀዳዳ ከእሷ ይሰፋል። ሌሎቹ ሞተር ሠሪዎች ዞረው አዩት። ጎሽሜ መሬት መሬት ያያል።

"ጎሽሜ" አለች እማዋይሽ።

"አቤት።"

"ፀጉር ታህላለች።"

"ታህላለች" አለ። "እንደምትታይብኝ አውቄ ነው የወጣሁት።"

እማዋይሽ አየችው። ይህ ሰው እንደሚጋለጥ እያወቀ ነው ከሰው መሐል የወጣው። በትከሻዋ ትከሻውን ገፋ አደረገችው፤ ጎሽሜ ሁለት እርምጃ ተንገዳገደ።

"የሴትዮዋ ቀዳዳ የጠበበ ነው" አለ ሊቀ ሽንብራ። "አልፋለች።" የጎሽሜ ይሰፋል ያለ ግን አልነበረም፤ የተመሰከረለት አይሻርማ። ንጹሐኑ ሁለቱን ክኮች ከቦራ ጉሮሮ ለቅመው፣ ለየብቻ ይቀበሩ ወይስ አንድ ላይ በሚለው ለመከራከር ወደ አዳራሻቸው ገቡ።

ሰባቱ ሞተሮች ተነሱ። ያን ድምፅ ዕድሜው ከአርባ በታች የሆነ ሰው ሰምቶት አያውቅም። ሕዝቡ ማጭዱን እንደያዘ ወደ ኋላ ሸሸ፤ ዶሮዎች ጣሪያ ላይ ወጡ። ፈንጣዎቹ ሄዱ ሲባል የሉም። የመጀመሪያው ጥምዝ ላይ ቢረሳው ፍሬን ረገጠ፤ ፍሬኑን ረግጦት አያውቅም፤ ሸረሪት ድር የሠራችበት ፍሬን ነው። ድሯን እየጎተተ ዞረ። የተጣደ ውሃ ሳይፈላ አንዱን ዙር ጨርሰው ተመልሰው በሕዝቡ ፊት አለፉ፤ ቦራም መሐላቸው ነበር። ከአቅላጮቹ አንዱ አንጋጦ ፀሐይዋን አየ፤ ገና ከጉብታው በላይ ክንድ አልሞላችም። ወናፉን ጠቀለለና እሱም ሊያይ ሮጠ።

ማቆሚያውን የሚያውቅ አልነበረም። የጥንቱ ሰባት ነበር አሉ ሽማግሌዎች፤ ሰባት ሆነ። ሰባተኛውን ጎሽሜ በአንድ ጎማ ቀድሞ ጨረሰ፤ ቢረሳው ተከተለው።

ሰው ከመቅለጥ የተረፈውን ቢረሳውን ከፈንጣው አውጥቶ ትከሻው ላይ አወጣው። እማዋይሽን ግን ፈልገው አጧት። እሷ የጎሽሜ ፈንጣ ሥር በጀርባዋ ተኝታለች፤ የሚታየው እግሯ ብቻ ነው።

"ምን ትፈልጊያለሽ እዚያ?" አለ ጎሽሜ ጎንበስ ብሎ።

"ቆጥሬዋለሁ" አለች ከሥር። "በየዙሩ ከቦራ የምትርቅበትን ቆጥሬዋለሁ። ፀጉር የምታህል ስፋት ብቻ ያንን ያህል ርቀት አትሰጥም። ሌላ ያደረግከው ነገር አለ።"

"ማሻሻያ ጠይቂያ።"

"ጎሽሜ፣ አታስለፍልፈኝ።"

ጎሽሜ ዙሪያውን አየ። መፍቻውን ከወገቡ አወጣና ቀለበቱን ፈታ፤ ገና ትኩስ ነበር፣ በሸማው ጫፍ ይዞ እጇ ላይ አስቀመጠላት። ተነስታ ተቀመጠች፣ ወደ ብርሃን አዞረችው። ቀዳዳው መሐል ላይ ያው ነው። አፉ ግን እንደ ማንቆርቆሪያ ጉሮሮ ለስልሶ፣ ከሰፊ ወደ ጠባብ እየተንሸራተተ ይወርዳል፤ ትንፋሹ የሚደነቃቀፍበት ጠርዝ የለውም። ሽንብራ የምትለካው መሐሉን ብቻ ነው። ስለ አፉ ቀመሩ አንድ ቃል አይናገርም።

ለረጅም ጊዜ አገላበጠችው። በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው።

"በመውጫው በኩልስ?" አለች።

"እ?"

"መግቢያውን አለስልሰሃል። በመውጫውም በኩል እንዲሁ ብታሰፋው ትንፋሹ ሲወጣ አይንቆራጠጥም ነበር።"

ጎሽሜ ቀለበቱን ከእጇ ወስዶ አየው። ራሱን ነቀነቀ። እሷንም አየ። ከዚያ አጠገቧ አቧራው ላይ ተቀመጠ።

እማዋይሽ አንጋጣ ፀሐይዋን አየች፤ ገና እኩለ ቀን አልሆነም። ወደ ጎሽሜ ዞረች።

"ሞረድህ የት ነው?"